የቁም ሬሳና የባዶ ኪስ ፊልም

ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ደጀን የሚገባው ዋና መንገድ አንድ ነው። እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ እንደገና እየተጠማዘዘ ወደ ጎጃም ደጋ ይወጣል፤ መውረዱና መውጣቱ ሲደመር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ከደጀን አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የሚታየው በገደሉ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል የጭነት መኪና መብራት ብቻ ነው። አስፈሪ ፊልም ለመሥራት ተነሥቶ ገንዘብ ያጠረው ሰው የሚመኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በርካሽ የተሠሩ የዞምቢ ፊልሞች ታሪክም ከሞላ ጎደል የእንዲህ ያሉ ቦታዎች ታሪክ ነው፤ አንድ የገበሬ ቤት፣ አንድ የገበያ ሕንፃ፣ ጫካ ውስጥ ያለች አንዲት ጎጆ። እነዚህን ፊልሞች የሚወዱ ሰዎች ርካሽነታቸውን ራሱን እንደ ውበት ያነሡታል፤ የሚንቋቸውም የሚንቋቸው በዚያው በርካሽነታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች የሳቱ ይመስለኛል። የገንዘብ እጦት ፊልምን የሚያሳምረው ታሪኩን ራሱን ሲወስን ነው፤ በቀይ ቀለምና በጩኸት ሊሸፍኑት ሲሞክሩ ግን ፊልሙን ይዞት ይወድቃል። ይህን ለማየት ነገሩን ከሥሩ ይዞ መከተል ያስፈልጋል፤ ሥሩ ደግሞ ከሲኒማ በፊት ነው።

ዞምቢ የሚለው ቃል ከሄይቲ የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን ለእኛ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በመንዝ ያጠናውን የቡዳ እምነት በ1974 ሲያሳትም (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ) አንድ የሚገርም ዝርዝር መዝግቧል። በነገሩት ሰዎች አባባል ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ ቢቀበርም ጉዳዩ አላለቀም። ቡዳው በሌሊት ሄዶ ሬሳውን ከመቃብር ያወጣዋል፣ ቤቱ ወስዶ ነፍስ ይዘራበታል፣ ከዚያም ለሰባት ዓመት እንደ ባሪያ ያሠራዋል። እንግዳ ቤት ሲመጣ በአርጩሜ ይመታውና ሸክላ ያደርገዋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙቱ ማንንም አይነክስም፣ ማንንም አያሳድድም። የሚያስፈራው ሞቶ እንኳ ከሥራ አለማረፉ ነው። ቡዳ እየተባለ የሚጠረጠረው ማን እንደነበረም ይታወቃል፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ በጎንደር በኩል ደግሞ ቤተ እስራኤል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ እንደሚወራባቸው ጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው። ፍርሃቱ ዓለሙን የገለበጠ ፍርሃት ነው፤ በቀን ርስት የተከለከለው የእጅ ባለሙያ በሌሊት ባለርስቱን ባሪያ ያደርገዋል ተብሎ ይፈራል። የበደለ ሰው የሚፈራው የበደለውን ነው።

የሄይቲው ዞምቢም ከዚህ የራቀ አይደለም። በፈረንሳዮች የሸንኮራ እርሻ ላይ እየሠሩ ያለቁ አፍሪካውያን ልጆች ዘንድ ሞት ዕረፍት ነበረ፤ ከዚያ ዕረፍት ተቀስቅሶ እንደገና ማሳ ላይ መቆም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነገር። አሜሪካ ሄይቲን በጦር ይዛ በነበረችበት ዘመን (ከ1915 እስከ 1934) ዊልያም ሲብሩክ የተባለ ጸሐፊ ወደዚያ ሄዶ በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ በስኳር ኩባንያ ማሳ ላይ የሚሠሩ ሙታንን ወሬ ለአሜሪካ አንባቢ አደረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወሬው ፊልም ሆነ። የቪክተርና የኤድዋርድ ሃልፐሪን ‹ነጭ ዞምቢ› በ1932 የተሠራው በ11 ቀን ነው፤ ለሌሎች ፊልሞች የተገነቡ ቤቶችንና ደረጃዎችን ከዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ተውሰው፣ ድራኩላን ሆኖ ስሙ የገነነውን ቤላ ሉጎሲን በትንሽ ገንዘብ ቀጥረው። ትወናው ያረጀ ነው፤ አፍቃሪው ወጣት ቃሉን እንደ ተማሪ ያነበንባል። ታሪኩም የሄይቲን ጥቁሮች ከጀርባ አቁሞ የሚጨነቀው ለአንዲት ነጭ ሙሽራ ነው። ይሁንና ፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። በሸንኮራ መፍጫው ቤት ሙታኑ ዘንቢል ተሸክመው በሰልፍ ይመላለሳሉ፣ ትልቁን መፍጫ ሌሎች ሙታን እየገፉ ያዞሩታል፣ ሙዚቃ የለም፣ የሚሰማው የእንጨቱ ሲጥጥ ማለት ብቻ ነው። አንዱ ይንገዳገድና መፍጫው ውስጥ ይወድቃል። ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ መፍጫው መዞሩን አያቆምም። ደም አይታይም፣ ጩኸትም አይሰማም። ደም ለማሳየት ገንዘቡም ፈቃዱም አልነበረም፤ የሠሩት ግን ያችን የሲጥጥታ ድምፅ ነው፤ ዘጠና ዓመት አልፎት ዛሬም ታስጨንቃለች።

ከዚያ ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር የነበራት ትውውቅ ራሱ የአስፈሪ ፊልም ጅማሬ ይመስል ነበር። በከተማው የተከፈተውን የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ሰዉ ያወጣለት ስም ‹የሰይጣን ቤት› ነው። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ሥጋ የሌለው ሰው ማየት ለተመልካቹ የአጋንንት ሥራ ሆኖ ታይቶታል። ይህን የኋላ ቀርነት ወሬ አድርጎ መሳቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ያ ስም ስለ ሲኒማ ከተነገሩት ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። ፊልም የሞተውን ሰው አስነሥቶ ያንኑ ሥራ ደግሞ ደጋግሞ ያሠራዋል። ቤላ ሉጎሲ የሞተው በ1956 ነው፤ ድራኩላ ሆኖ ግን ዛሬም ያቺኑ ደረጃ ይወርዳል። አዲስ አበቤዎች ለቤቱ ያወጡትን ስም ለማስተካከል ከመቸኮል ይልቅ የገባቸውን ነገር ማሰብ ይሻላል።

በሆሊውድ በርካሽ መሥራት ጥበብ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተን ነው። አርኬኦ የተባለው ኩባንያ ርእሱን መርጦ፣ 150 ሺህ ዶላር ቆርጦ፣ ከ75 ደቂቃ አይበልጥም ብሎ ያዝዘው ነበር። በዚህ ትእዛዝ በ1943 በዣክ ቱርኔር ዳይሬክተርነት የተሠራው ‹ከዞምቢ ጋር ሄድኩ› ሁለት ሴቶች በሌሊት በሸንኮራ ማሳ መካከል ሲሄዱ ያሳያል። የሚሰማው ንፋስና የሸንኮራ ቅጠል ነው። ሙቱ ሲገኝም ምንም አያደርግም፤ ቆሞ ብቻ ያያል። ደጀን አካባቢ በመስከረም ጤፍ ማሳ መካከል በምሽት የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚህ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ዘልዬ ወደ ፒትስበርግ እሄዳለሁ፤ በመካከል ያሉት አብዛኞቹ ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለተመልካች የሚጠቅሙ አይደሉም። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ በዚያ የብረት ፋብሪካ ከተማ የቢራና የሳሙና ማስታወቂያ እየሠሩ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። በ1967 ፊልም ለመሥራት ሲነሡ ዐሥር ሰዎች 600 600 ዶላር አዋጡ፤ እያደር ተጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ። የተከራዩት ቤት ሊፈርስ የተቆረጠለት የገበሬ ቤት ነበር። ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ሥጋ ሻጭ ስለነበር አንጀትና ሥጋ ከሱቁ አመጣ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለደም የቸኮሌት ሽሮፕ በቃ። ተዋናዮቹ ፕሮዲውሰሮችም ነበሩ፣ ሜካፕ ሠሪዎችም ነበሩ፤ ሙታን ሆነው የተንገዳገዱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እስካሁን የዘረዘርኩት የእጦት ታሪክ ነው፤ በማንኛውም ርካሽ ፊልም ጀርባ ይገኛል። ‹የሕያዋን ሙታን ሌሊት› የሚለየው እያንዳንዱን እጦት ወደ ትርጉም በመለወጡ ነው። ብዙ ቦታ መዞር አይችሉም፤ ስለዚህ ታሪኩ በር ተቸንክሮ ቤት ውስጥ መታፈን ሆነ። ሠራዊትና ሄሊኮፕተር በብዛት ማሳየት አይችሉም፤ ስለዚህ የውጩ ዓለም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ብቻ ይመጣል፤ ባለሥልጣናቱም እርስ በርስ የሚቃረን ነገር ይናገራሉ። የሙታኑን መነሣት ምክንያት የሚያስረዳ ትልቅ ትዕይንት መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ ምክንያቱ በእርግጥ አልታወቀም፤ አለመታወቁም ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ ያስፈራል። ቤት ውስጥ ያሉት ሰባት ሰዎች የሚጠፋፉት በሙታኑ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ምድር ቤት እንግባ፣ አንግባ በሚል ክርክር ነው።

ዋናውን ሰው ቤንን የሆነው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሮሜሮ የመረጥነው ከተፈተኑት ሁሉ ስለበለጠ ነው ይል ነበር፤ ጽሑፉ ላይ ስለ ቀለሙ አንድ ቃል የለም። ፊልሙ አልቆ ኮፒውን በመኪና ይዘው ወደ ኒው ዮርክ ሲሄዱ፣ በ1968 ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉን በሬዲዮ ሰሙ። በፊልሙ መጨረሻ ሌሊቱን ሁሉ ታግሎ የተረፈው ቤን ጠዋት በመስኮት ብቅ ሲል ሙታንን ለማደን የወጡት የታጠቁ ነጮች ይተኩሱበታል፤ ከዚያ የሚታየው እንደ ጋዜጣ ፎቶ ሻካራ የሆነ ምስል ነው፣ ሬሳውን በሥጋ ሜንጦ ሲጎትቱት። ፊልሙ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተለቀቀ። ብዙ ገንዘብ ያለው ስቱዲዮ ቢሆን ያንን መጨረሻ ባልተወው፤ ተመልካች ያዝናል፣ ገቢ ይቀንሳል ብሎ ያስቀይረው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሮሜሮን ጎዳው። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲቀይር የባለቤትነት ምልክቱ ከርእሱ ጋር አብሮ ጠፋ፤ በዘመኑ ሕግ ምልክት የሌለው ፊልም የሕዝብ ንብረት ነበር። ማንም አባዝቶ ሸጠው፣ ማንም አሳየው። ሠሪዎቹ ብዙ ገንዘብ አጡ፤ የሙታኑ አረማመድ ግን እንደ ተረት የሁሉ ሆነ፤ ካይሮም ላጎስም ያለ ወጣት ያለ ማንም ፈቃድ ይዞት ሊሠራ ቻለ።

የዞምቢ ፊልም ደካማ ጎንም ከዚያ በኋላ ጀመረ። ሮሜሮ ራሱ በ1978 የወጣውን ‹የሙታን ንጋት›ን ሲሠራ ሞንሮቪል የሚባለውን የገበያ ሕንፃ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ እስከ ማለዳ ይዞ ይቀርጽ ነበር፤ የገና ጌጥ ሲሰቀል ሥራው ለሳምንታት ቆመ። ሙታኑ በሕይወት ሳሉ ወደለመዱት ገበያ መመለሳቸው አሁንም ሐሳብ ነበረ። ደሙ ግን በቀለም ሲታይ እንደ ቲማቲም ሥጎ ቀላ፤ የሙታኑ ፊት ግራጫ ሊሆን ሲታሰብ ሰማያዊ ወጣ። የተከተሉት ሰዎች ሐሳቡን ትተው ደሙን ወሰዱ። ፊልሙ ጣልያን አገር ‹ዞምቢ› ተብሎ ስለነበር ሉቾ ፉልቺ በ1979 ተከታዩ ይመስል ‹ዞምቢ 2› ብሎ አወጣ፤ በውስጡ አንድ ሙት ከእውነተኛ ሻርክ ጋር ባሕር ውስጥ ይታገላል። ይህ ትዕይንት ለወዳጆቹ የርካሽ ፊልም ዘውድ ነው፤ ያስቃል፣ አይረሳም፣ የትኛውም የተማረ ዳይሬክተር አይደፍረውም። ግን ምን ይላል? ምንም። ከዚያ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩት ፊልሞች ነውራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፣ ጨለማው ሌሊት አይደለም የመብራት ማነስ ነው፣ ሴቷ ሥራዋ መጮህና መውደቅ ነው፣ ሰዎቹ የሚሞቱት እንዲያሳዝኑን ሳይሆን አንጀት እንዲታይ ነው። ሳም ሬይሚ ዕድሜው ከሃያ ዓመት ብዙ ሳያልፍ ቴነሲ ጫካ ውስጥ በሠራው ‹ክፉ ሙት› (1981) ካሜራውን የሚያንሸራትት መሣሪያ መግዛት ስላቃተው በሳንቃ ላይ አስሮ ሁለት ሰው ይዞት እንዲሮጥ አደረገ። ሜዳውን እየታከከ የሚበረው ካሜራ የማይታየው ክፉ መንፈስ ዓይን ሆነ። ሻርኩና ሳንቃው ሁለቱም የድህነት ልጆች ናቸው፤ አንዱ እጦትን ያስረሳል፣ ሌላው እጦቱን ራሱን ያስፈራራበታል።

እኛስ? በ1957 ዓ.ም. በግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ዳይሬክተርነት ‹ሂሩት አባቷ ማነው?› ሲወጣ የመጀመሪያው ረጅም የአገር ውስጥ ፊልም ሆነ፤ ስለ ሙታን አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥተው በጥቂት ሳምንታት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ን ቀረጹ፤ በ1976 ተለቀቀ። አስፈሪ ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር የሚገጥም አንድ ነገር አለው። ገበሬውና ቤተሰቡ ለባለርስቱ ሲሠሩ፣ ሲጎነበሱ፣ ሲመላለሱ ካሜራው ረጅም ጊዜ ቆሞ ያያቸዋል። የሸንኮራ መፍጫውን ሰልፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ገንዘብ ማጠሩ ፊልሙን ዝግ ያለና ግትር አድርጎታል፤ ግትርነቱ ደግሞ ስለ ሦስት ሺህ ዓመት ሥራ ለሚናገር ፊልም ይስማማዋል። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። የወጣት ሬሳ አስፋልት ላይ ሲጣል ባየች ከተማ ማን የሬሳ ፊልም ይሠራል? ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ዛሬም አለው፤ የ2013 ዓ.ም.ን ጦርነት ወይም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ለቀልድ ደም ትዕግሥት ባይኖረው አይፈረድበትም። ሆኖም ሮሜሮም ፊልሙን ያሳየው የቬትናም ሬሳ በየማታው ቴሌቪዥን ላይ ለሚያይ ሕዝብ ነው። እውነተኛ ሞት የበዛበት ዘመን ነውር የሚያደርገው በሞት መጫወትን ነው፤ ስለ ሞት ማሰብን አይደለም። ሁለቱን መለየት የጸሐፊው ድርሻ ነው።

ቪዲዮ ሲመጣ ነገሩ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ወረደ። የመንገድ ከተማ፣ እንደ ደጀን ያለ፣ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ምሳ የሚበላበት ቦታ፣ ቪዲዮ ቤት ለማቋቋም አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና ካሴት በቃው። የውጭው ፊልም ቃሉ ባይገባም ድብደባውና ሩጫው ይገባል፤ የዞምቢ ፊልም ደግሞ ከሁሉ በላይ ትርጉም የማይፈልግ ዓይነት ነው፤ ሙታኑ አያወሩም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቪዲዮ ካሜራ ለአገር ውስጥ ሠሪዎች ሲደርስ፣ የቴዎድሮስ ተሾመ ‹ቀዝቃዛ ወላፈን› በሲኒማ ቤት ሲታይ፣ በሩ ተከፈተ። በ2018 በታተመው ‹ሲኒ ኢትዮጵያ› በተባለው የጥናት መጽሐፍ እንደተመዘገበው ሠሪውም ተመልካቹም የአማርኛ ፊልምን የሚከፋፍልበት የራሱ ቃል አለው፤ የፍቅር ፊልም፣ አስቂኝ የፍቅር ፊልም፣ የቤተሰብ ፊልም፣ ልብ አንጠልጣይ። ዞምቢ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ናይጄሪያ ላይ በ1992 የወጣው ‹ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ› በምስጢር ማኅበር፣ በመሥዋዕትና በሟች ሚስት መንፈስ ገበያውን ሲከፍት፣ የእኛ ገበያ በፍቅርና በሳቅ ተከፈተ። ምክንያቱ የገንዘብ ማጠር ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ እስካሁን እንዳየነው አስፈሪ ፊልም ከሁሉ ርካሹ ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ፊልሙ ገቢውን ያገኝ የነበረው ከሲኒማ ቤት ትኬት ነው፣ ትኬት ይገዙ የነበሩት ደግሞ ጥንዶችና ጓደኛሞች ናቸው፤ ያላሳቃቸው ፊልም አዳራሽ አይሞላም ነበር። ደግሞም መንፈስና ጠበል ለብዙው ተመልካች የሃይማኖት እንጂ የመዝናኛ ጉዳይ አይደሉም።

በዓለም ግን የዞምቢ ፊልም በዲጂታል ካሜራ እንደገና ተነሣ። ዳኒ ቦይል የተባለ ዳይሬክተር በ2002 በተራ የቪዲዮ ካሜራ ለንደንን ባዶ አድርጎ አሳየ፤ ማለዳ ላይ መኪናዎችን ለደቂቃዎች እያስቆመ አንድ ሰው በዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ብቻውን ሲሄድ ቀረጸ። ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ ሻካራነቱ የጋዜጠኛ ካሜራ ያስመስለዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ዋጋ የማውረድ ውድድር ሆነ፤ ማርክ ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ በ2008 ‹ኮሊን›ን በ45 ፓውንድ ሠራሁ ብሎ ዜና ሆነ። ዜናው ከፊልሙ ይልቅ ዋጋውን ያወድሳል፤ ያን ጊዜ ውድቀቱ ጀመረ ማለት ነው። መልሱ ከጃፓን መጣ። ሺኒቺሮ ኡዌዳ በ2017 በ3 ሚሊዮን የን (ወደ 25 ሺህ ዶላር) የሠራው ፊልም የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው ሳይቆም የተቀረጹ ናቸው፤ መጥፎም ናቸው። ተዋናዮቹ ያለ ምክንያት ዝም ይላሉ፣ ካሜራው መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ አንድ ሰው እንግዳ ነገር ያወራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ቀጥሎ ግን ፊልሙ ወደ ኋላ ይመለስና እያንዳንዱ ስሕተት ለምን እንደሆነ ያሳያል፤ ያ ዝምታ አንዱ ተዋናይ ሰክሮ በመውደቁ የመጣ መሙያ ነው፣ ካሜራው የወደቀው ካሜራማኑ ስለወደቀ ነው። ነውሩ ሁሉ ታሪክ ይሆናል፤ ሰዉ በሳቅ ያለቅሳል። በዓለም ከ3 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ጃፓን ከተነሣች፣ የጎሃ ጽዮን ደጀን መንገድ የታደሰውና በላዩ ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተሠራው በጃፓን ርዳታ ነው፤ ኡዌዳ ቢያያቸው ካሜራውን የት እንደሚያቆም አይጠፋውም ነበር።

ወደዚህ ዓይነቱ ፊልም ከሁሉ የቀረበው የእኛ ምድር ፊልም ‹ክራምስ› ነው፤ በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተጫወቱበት። ዓለም አልቃለች፤ ሰዎቹ በተተወ የቦውሊንግ ቤት ይኖራሉ፤ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ታቦት ይከበራል። ዳሎል ያለ ምንም ወጪ ሌላ ፕላኔት ሆኖ ይታያል። የውጭ ሰው ሠራው፣ የታየውም በአብዛኛው በውጭ ፌስቲቫል ነው፣ ለእኛ ሰው ቀልዱ አይገባም የሚሉ አሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። ፊልሙ አንዳንዴ በራሱ ብልሃት ይደሰትና ሰዎቹን ይረሳል። ግን አንድ ነገር አረጋገጠ፤ ቦታው ከበቂ በላይ አለን፣ ተዋናዩም አለን፣ ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም።

የቀረው ከባዱ ተቃውሞ ነው። የመንዙን ሬሳ፣ የጎጃሙን ቡዳ ፊልም ማድረግ በሸክላ ሠሪዎችና በቀጥቃጮች ላይ የተለጠፈውን ስም እንደገና መለጠፍ አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል። ‹ነጭ ዞምቢ› ሄይቲን ያደረጋት ይህንኑ ነው፤ የሸንኮራ ሠራተኛውን በደል ወስዶ የጠንቋይ አገር አድርጎ መለሰው። የሮሜሮ ትምህርት ግን አለ፤ በእሱ ፊልም የመጨረሻው ገዳይ ሙቱ አይደለም፤ ሙት ነው ብሎ የጠረጠረው፣ ጠመንጃ የያዘው፣ ሳያጣራ የተኮሰው ሰው ነው። ካሜራው ከተጠርጣሪዋ ወደ ጠርጣሪዎቹ ከዞረ፣ መንደሩ በሌሊት ችቦ ይዞ ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት ሲሄድ ከቤቷ ውስጥ ሆኖ ካየ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጎጆ፣ አንድ በር፣ ከውጭ የሚሰማ ድምፅ ነው። ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር በዘጌ ባጠናው መጽሐፍ ቡዳ ከመብልና ማን ከማን ጋር ይበላል ከሚለው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ አሳይቷል፤ ስለዚህ ፊልሙ ሬሳ ሳያሳይ፣ ጉርሻ የምትከለከልን ሴት በማሳየት ብቻ መጀመር ይችላል። ተረቱ ውስጥ ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ አርጩሜው ያርፋል፣ ሥዕሉ ይቆረጣል፣ ሰው የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ማሰሮ ተቀምጧል። ማሰሮውን የሠራችው ያቺው የተጠረጠረችው ሴት ናት፤ እንግዶቹም ቤታቸው የሚያበስሉት በእሷው ማሰሮ ነው።